ረጅሙ ቺንጋ

ሾፌሩ ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። ሞጆ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪናውን እየዞረ፣ ጋቢናውን በጎን እያየ ይመለሳል።

"ወስን እንጂ!" አሉት መካኒኩ ጋሽ ኑረዲን። በአንድ እጃቸው አንድ ረጅም የሞተር ቺንጋ፣ በሌላው ሦስት አጫጭር ይዘዋል። "አዲሱ አሠራር ይሄ ረጅሙ ነው። ዲናሞውንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ የመሪውንም ፓምፕ ብቻውን ያዞራል። ቶሎ አይበጠስም።"

"ቢበጠስስ?"

"ያኔማ ጎታች መኪና እስኪመጣ ቁጭ ነዋ።"

"አዩ! በአጫጭሮቹ ግን አንዱ ቢበጠስ በምትኩ ጨርቅ ጠምዝዤም ቢሆን እገባለሁ። የዛሬ ሰባት ዓመት ሚሌ በረሃ ላይ ሲበጠስብኝ፣ ያሳፈርኳት አንዲት መንገደኛ መቀነቷን ፈታ ሰጠችኝ። እሱን አስሬ ሎግያ ገባሁ። የድሮው ይሻለኛል።"

"መቀነቷንስ መለስክላት?"

ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። ጠዋቱን ሙሉ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠችው ሚስቱ በመስኮት ብቅ አለች።

"አልመለሰልኝም፤ አገባኝ እንጂ" አለች። "ጋሼ፣ ረጅሙን ይግጠሙለት። ሲበጠስ ሌላ ሴት መቀነቷን ከምትፈታለት፣ እዚያው በረሃ ላይ ቆሞ ይደር።"