አራት ዓመት ወደ ኋላ ቆፍሬ ያሸነፍኩት ክርክር

"ባልሽ አሳንሰር ውስጥ ሽንቱን ሲለቅ ዝም አልን… የኔ ውሻ ሲገባ ምን አንገበገበሽ?"

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደቡብ ኮሪያ፣ ቻንግዎን ከተማ፣ የአፓርታማችን ነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ ላይ።

ክርክሩ ውሻ አሳንሰር ውስጥ ይግባ አይግባ ነበር። "የጎመን ሾርባ" የምትባል አንዲት ሴት፣ "ውሻችሁን አቅፋችሁ ግቡ፣ ሽማግሌዎች ይደነግጣሉ" አለች። በቃ፣ ይኸው ነው ያለችው!

እኔ ግን ደሜ ፈላ…

ስሟን ስጫነው እስከዛሬ የጻፈችው ሁሉ ተዘረገፈ። አራት ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

"ባለቤቴ ዛሬ አሳንሰር ውስጥ አመለጠው። ጠርጌዋለሁ። ጎረቤቶች፣ ይቅርታ።"

ስክሪንሾት አንስቼ ለጠፍኩት። መቶ አርባ ሰው ሳቀ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ የሴትየዋ ጽሑፍ ሁሉ ጠፍቶ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ማልሱን ናቸው፤ መንደሪን ይዘው ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ የግሩፑ አስተዳዳሪ አንተ ነህ አሉኝ። የጎመን ሾርባ እኔ ነኝ… አፍሬ ሁሉንም አጠፋሁት። ይመለስ ይሆን?"

ክርክሩን የጻፍኩት በሌላ ስም ስለሆነ አላወቁኝም።

"አይመለስም እማማ።"

"አንዷን ብቻስ?"

"የትኛዋን?"

"ባለቤቴ የመርሳት በሽታ ከያዘው በኋላ አንድ ቀን 'ማልሱን፣ እራት በላሽ?' አለኝ። በስሜ ጠራኝ እኮ! ደስ ብሎኝ ያን ቀን ያወራነውን ሁሉ እዚያ ጻፍኩት። ነገ ሙት ዓመቱ ነው፤ ለልጆቼ ላነብላቸው ነበር። እኔም እየረሳሁ ነው…"

እዚያው ቆመው ግሩፑ ያለበት መተግበሪያ ድርጅት ጋ ደወልኩ። "አዝናለሁ፣ የተሰረዘ አይመለስም" አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ።

እማማ መንደሪኑን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ "ያ የለጠፈው ልጅ ግን… ምን በድዬው ነው?" አሉኝ።



ከሄዱ በኋላ ስልኬን በረበርኩት፣ ምናልባት ብዬ።

እማማ ከጻፉት ሁሉ የተረፈችው አንድ ብቻ ናት… እኔ ያነሳኋት። ስለ ሽንቱ የምታወራዋ።

ወገኖቼ፣ የሰው የድሮ ጽሑፍ ማየት ወንጀል አይደለም። ግን ስለ ውሻ እየተከራከራችሁ የሰው ቁስል ቆፍራችሁ አደባባይ አታውጡ። ይቅርታም የማይመልሰው ነገር አለ።

እስካሁን አልነገርኳቸውም።

እናንተ ብትሆኑ ትነግሯቸው ነበር? ወይስ ሌላ ቁስል መጨመር ይሆናል? እባካችሁ ጻፉልኝ፣ እኔ ጨንቆኛል…