ጉድጓዱን አላሳዩንም

ቲቶ ከሆሳዕናው ፊልም ቤት የወጣው እየተሳደበ ነው።

“ምድር ተመረዘች ብለው ሲያወሩ ዋሉ! መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ጉድጓዱን ከፈተች፣ አየች፣ መልሳ ደፈነች፤ አለቀ። ምን እንዳየች እንኳ አላሳዩንም። ሌቦች!”

“ተወው በቃ፤ ቆጮ ላውጣና እራት እንብላ” አለችው ሚስቱ ማራኪ፣ ቤት ሲደርሱ።

ቆጮ ተቀብሮ የሚብላላበት ጉድጓድ የሴት ነው፤ ቲቶ ከፍቶት አያውቅም። ማራኪ ድንጋዮቹን አነሳች፤ የእንሰቱን ቅጠል ገልጣ አጎንብሳ አየች። ወዲያው ቅጠሉን መልሳ ድንጋዮቹን ትከምር ጀመር።

“ምን አየሽ?”

“ምንም።”

“አንቺም እንደዚያችው ሆንሽ? የዓመት ቀለባችን እኮ ነው! አሳዪኝ!”

ማራኪ ድንጋዮቹ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዮቹ ከነማራኪ ቀስ ብለው ከፍ አሉ፤ ደግሞ ዝቅ አሉ።