ግማሽ ባልዲ ውሃ

ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የጡረተኛው መምህር መኪና ግን እንደ መስታወት ታበራለች። ከሶማሌ ተራ የሚገዙትን፣ ማለቅለቅ የማይፈልገውን የመኪና ማጠቢያ ፈሳሽ በግማሽ ባልዲ ውሃ ይበጠብጡና በለስላሳ ፎጣ ጥርግ፣ ጥርግ፤ በቃ። ጎረቤት «ጋሼ፣ እስቲ ገበያ ያድርሱን» ሲላቸው፣ «አሁን አጥቤ አቧራ ላስነካት?» ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት ፎጣቸውን እየጨመቁ ሳለ ጎረቤታቸው ደምመላሽ በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! ሚስቴን ምጥ ይዟታል፤ አምቡላንሱም አልደርስ አለ!»

«ባትሪዋ... ሞቷል።»

«እንገፋታለን!» ጎረምሶች ከኋላ ተደረደሩ።

«ቤንዚንም የላትም።»

«ከባጃጄ እቀዳለሁ!» አለ አንዱ።

ሚስትየው በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወረደች። እያቃሰተች የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለቻቸው።

መምህሩ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ የቀረ ሰበብ የለም። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ፊት ዞሩና ኮፈኑን ከፈቱት።

ሞተሩ በነበረበት ቦታ የማጠቢያ ፈሳሹ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ንጹሕ ፎጣዎች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል።