የሽልማቱ ኮዳ

«መጠጥ እዚህ ግቢ አይገባም ብላችሁኝ አልነበር? ታዲያ ልጄ የጠጣውን ከየት አመጣው?» አሉ እናትየው፣ ሰክሮ ከደረጃ ወድቆ የሞተ ልጃቸውን ሸሚዝ እያጣጠፉ። የኮሌጁ አማካሪ ጎንበስ ብላ ከልጁ የዶርም አልጋ ሥር የቀረውን ዕቃ ስታወጣ፣ «ከሱስ የጸዳ ትውልድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ ኮዳ እጇ ገባ። ልጁ በፀረ ሱስ ክበቡ የጥያቄና መልስ ውድድር አንደኛ ሲወጣ የሸለመችው እሷ ነበረች። የበር ጥበቃዎቹን «ይህን ኮዳ የያዘ የኔ ልጅ ነው፤ እንዳትፈትሹት» ያለቻቸውም እሷው ነበረች።

ክዳኑን ላላ አድርጋ አሸተተችውና መልሳ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። አረቄ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«ሽልማቱ ነው፣ እማማ።» ጽሑፉን ወደ እናትየው አዙራ አሳየቻቸው። «ውሃ... ውሃ ይይዝበት ነበር።»

እናትየው ተቀብለው ጽሑፉን በጣታቸው ዳሰሱት። «አንቺስ ደክመሽለታል፤ እግዜር ይስጥሽ።» ከዚያ ኮዳውን ጆሯቸው አጠገብ ወዝወዝ አደረጉት። ከመጡ ጀምሮ ፊታቸው ገና አሁን ፈካ አለ። «ያስተረፈው አለ» አሉና፣ የልጃቸውን ውሃ ሊቀምሱ ክዳኑን መፍታት ጀመሩ።