ዛሬን የማያውቀው ኮምፒውተር

ወዳጆቼ፣ ሟች ባለቤቴ ጥልፍ ሠሪ ነበረች። ንድፎቿን የምታወጣበት ኮምፒውተር ከእሷ ጋር አብሮ አረጀና አንድ ቀን ጭጭ አለ። በምትኩ የገዛሁት አዲስ ኮምፒውተር ደግሞ የድሮው ሲስተም ካልተጫነበት ንድፎቹን አይከፍትም። የእጇን ሥራ ሳላይ እንዳልሞት ፈራሁ። ትልቋ ልጄ ይህን ብታውቅ ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ መጣችና መጫን ጀመረች።

“ልጆቼን ሄጄ እስካመጣ ያልቃል” አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። “አባዬ፣ ይሄ ሽማግሌ ሲስተም እንዳንተ ግትር ነው! የዛሬን ቀን አልቀበልም አለ።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“የእማዬን ዘመን እሰጠዋለሁ። ቁጥር እኮ ነው!” ብላ ቀኑን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መለሰችው።

ሲስተሙ ተነሣ። ወዲያው ከጓዳ የባለቤቴ የስፌት መኪና ፔዳል ሲረገጥ ሰማሁ። ያን መኪና ከቀብሯ በኋላ ሸጠነዋል። ደስታ እንባዬን አመጣው፤ “ሰማሽ ልጄ?” ብዬ ዞርኩ።

ልጄ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እግሮቿ ግን መሬት አይደርሱም።

“አባዬ” አለች በቀጭን ድምፅ፣ “ከትምህርት ቤት ማንን ነበር የማመጣው?”