ሰባተኛው መደብ

ዶክተር ትዕዛዙ ከዩኒቨርሲቲው ተነስቶ መሐል ሜዳ የገባው ሲመሻሽ ነው። ርቦታል። ያረፈበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ እታገኝ እንግዳ በባዶ ሆዱ አያሳድሩም። የገብስ እሸት ጠብሰው፣ አሽተው አቀረቡለት፤ ሁለት ሳህን በላ።

"እንዲህ ያለ እሸት ቀምሼ አላውቅም!"

"ይብሉ እንጂ! እሸትማ ለእንግዳ ነው።"

ጠዋት ወደ ጓሮ ወጣ። እዚያ ለእሱ ጥናት የሚሠሩ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ለአምስት ተደራጅተው፣ ውርጭ የሚችለውን ገብስ ለመለየት አሥራ ሁለት ዓይነት ዘር በአሥራ ሁለት ትንንሽ መደብ ዘርተው ነበር። የየመደቡን ዛላ በየቀለሙ ክር አስረዋል፤ ሰባተኛውን በቀይ። የጥቅምት ውርጭ እስከ ጎረቤት ከተማው ሞላሌ ድረስ አንድ ማሳ አልማረም። ከአሥራ ሁለቱም የተረፈው ሰባተኛው ብቻ ነው። ሌላ ዘር ደግሞ ዶክተሩ የለውም።

ሰባተኛው መደብ ታጭዷል።

"ጽናት!" ጩኸቱ መንደሩን አናጋው።

ጽናት የቡድኑ መሪ ናት። አምስት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየመጣች፣ በብርድ በደነዘዘ እጇ ቴርሞሜትሩን ያነበበችው እሷ ናት። በመጪው ክረምት ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ እንድትገባ ከተማሪዎቹ ሁሉ የተመረጠችውም እሷ ናት።

"ትናንት ጠዋት ነበረ፣ ዶክተር። መዝግቤዋለሁ።"

"አባትሽ አንድ ጭብጥ ዘር ስጠኝ ብሎ ከልክዬው የለ? ማሳው በውርጭ አልቋል፤ አይደለም እንዴ?"

ኮከቤ የምትባል ጓደኛዋ አንገቷን ደፋች። "አባቷን ጋሽ ይታየውን ትናንት አጥሩ ጥግ አይቻቸዋለሁ" አለች።

"አባቴ ጦሙን ያድራል እንጂ የሰው አይነካም!" አለች ጽናት።

"የአምስት ወር ሥራዬን!"

"ሥራዬን ይላሉ? እርስዎ የመጡት ሦስት ጊዜ ነው!"

የዶክተሩ ጆሮ ቀላ። ሽማግሌ አልጠራ፣ ሌላ ምስክር አልሰማ፤ ስሟን ከላቦራቶሪው ዕጩነት ሰረዘው። አባቷንም በሌብነት ከሶ ለቀበሌው ጻፈ። ልጅቷ ደብተሯን እግሩ ሥር ወርውራ ሄደች። ወይዘሮ እታገኝ ማለዳ ገበያ ወጥተው ነበር፤ በጓሯቸው የተሠራውን ጉድ ባለማየታቸው ደስ አለው።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄዶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሊነሳ ሲል ወይዘሮ እታገኝ እያለከለኩ ደረሱና በመስኮት አንዲት ጥቅል አቀበሉት።

"ማታ ወደውት የለ? የቀረችውንም ጠበስኳት፤ ለመንገድ ትሁንዎ።"

ጥቅሏ በቀይ ክር ታስራለች።