የምራቅ ድንጋይ

ምራቅ ሲደርቅ ይሸታል። ይህን ከኤርሲሊያ ቫኖዚ አብልጦ የሚያውቅ ሰው በካስቴል ሶርጎ አልነበረም፤ የማጽዳቱ ዕጣ የወደቀው በእሷ ላይ ነውና።

ከአራት መቶ ዓመት በፊት ምሽጉ በጠላት ተከቦ ሳለ፣ ገራርዶ ቫኖዚ የሚባል ዘበኛ የታችኛውን በር ለጠላት ከፈተ ይባላል። ሻምበል ቦኒፋዚዮ ግን መድፍ ግራ ክንዱን ከትከሻው ቆርጦ ቢጥለውም፣ በቀረችው እጁ ሰይፍ ይዞ በሩን መልሶ ዘጋ። ሁለቱም በዚያው ቀን ሞቱ። ሻምበሉ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተኝቷል። መነኮሳት ከነከፈኑ ቀይ ከፋይ አልብሰውታል፣ ጓንትም አጥልቀውለታል፤ ግራ እጅጌው የሞላው በጥጥ ነው ይላሉ። ከሃዲው ደግሞ በታችኛው በር ሥር፣ ስም ባልተጻፈበት ድንጋይ ተከድኖ ቀረ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ በከበባው መታሰቢያ እሑድ፣ ከተማው በሙሉ መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ይተፋል፤ ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ የሻምበሉን መስታወት ይስማል። በማግስቱ ከቫኖዚ ዘር አንዲት ሴት ባልዲና ብሩሽ ይዛ ተንበርክካ ድንጋዩን ታጥባለች። ለቫኖዚ ዘር መስታወቱን መሳም ክልክል ነው።

መትፋት ሲባል ለወግ ያህል እንትፍ ማለት እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌዎቹ ትምባሆ አኝከው ነው የሚመጡት። ሴቶቹ የወይን ጠጅ ተጉመጥምጠው ይመጣሉ። ከንቲባው ጋሌያዞ ቶንዲኒ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይቆይና፣ አረንጓዴ አክታውን ከደረቱ ስቦ በሰው ፊት ይለቀዋል። ሰዉም ያጨበጭብለታል። በዚያው አፉ፣ ከንፈሩን እንኳ ሳይጠርግ፣ ሄዶ መስታወቱን ይስማል።

ዘንድሮ የኤርሲሊያ ጉልበት አልታጠፍም አለ። ከንቲባው ቤቷ ድረስ መጣ።

«ጉልበትሽ እምቢ ካለ ልጅሽ ትጠብ።»

«ኒቬስ እኮ አስተማሪ ናት፣ ክቡር ከንቲባ። ነገ ተማሪዎቿ ፊት በምን ዓይኗ ትቆማለች?»

«አስተማሪ ብትሆንስ? ደሟ ቫኖዚ አይደለም? ይህ ቤት የማዘጋጃ ቤት ነው፣ ለአጣቢ የተሰጠ። ሰኞ ጠዋት ባልዲውን ድንጋዩ ላይ ካላየሁ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

ኤርሲሊያ ልጇን እዚያ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ ከምታይ ሞቷን ትመርጥ ነበር። እሷ ራሷ ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷ የሰው አክታ በጥፍሯ ስትፍቅ አይታ አስመልሷት ነበር።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ዶክተር ፎልኮ የሚባል የቅርስ ባለሙያ መጣ። የታችኛው በር ግንብ እየሰመጠ ስለነበር ከድንጋዩ ሥር መቆፈር ነበረበት። የከተማው ሰው ግን ወደዚያ መጠጋት ይጸየፋል፤ ባትሪ የሚያበራለት እንኳ ጠፋ። ኤርሲሊያ መጥታ ያዘችለት።

«ከመጀመሪያውም እዚህ ነው የተቀበረው?» አላት እየቆፈረ።

«አይደለም። ያኔ በጥድፊያ ሁለቱንም በየሣጥናቸው አንድ ምድር ቤት ከተቷቸው ነው የሚባለው። ጠላት ከሄደ ከስንት ዓመት በኋላ ነው አውጥተው የለያዩዋቸው።»

አጽሙ ወጣ። ዶክተሩ አፈሩን በወንፊት ነፋ። በግራ ትከሻው በኩል ያለውን ደግሞ ነፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ነፍቶ ባዶውን ወንፊት አስቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ኤርሲሊያም ባትሪውን ዝቅ አድርጋ ጉድጓዱን እስክትጠግብ አየች።

«ሲኞራ፣ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው። ለከንቲባው ዛሬውኑ መናገር አለብኝ።»

«ሰኞ ይንገሩት። እባክዎ፣ ለእኔ ሲሉ።»

«እሑድ ሊተፉበት?»

«አራት መቶ ዓመት ተተፍቶበታል። አንድ ቀን ምን ይጨምርበታል?»

ዶክተሩ ብዙ አመነታ። በመጨረሻ እሺ አለና አጽሙን ቦታው መልሶ ድንጋዩን ገጠመው። ሲወጣ ከንቲባው አገኘው።

«እህ፣ ዶክተር፣ ከሃዲያችን እንዴት ከረመ? ይሸታል?»

«ሰኞ ሪፖርቴን ያነባሉ» አለና ዓይኑን ሳያይ አልፎት ሄደ።

«አያችሁ፣ ከሃዲው ሰውየውን አፉን አዘጋው» ብሎ ከንቲባው ሳቀ።

ኤርሲሊያ ቤቷ ገብታ ልጇን ጠራቻት።

«ሰኞ ባልዲውን እንዳትነኪ።»

«ቤቱስ፣ እማዬ? የት ልንገባ ነው?»

«አትንኪ አልኩሽ።»

ኒቬስ እናቷ ተስፋ የቆረጠች መሰላት። እያለቀሰች ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች።

እሑድ ደረሰ። ተተፋ። ድንጋዩ እስኪያብለጨልጭ ተተፋ። ከንቲባው ሁለት ጊዜ ተፋ፤ አንዱ የዶክተሩ ድርሻ ነው አለ። ከዚያ ሕዝቡ ዳገቱን ወጣ፣ እየተሰለፈም መስታወቱን ሳመ። መስታወቱ በከንፈር ወዝና በምራቅ ጉም ለበሰ።

ኤርሲሊያ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ በልጇ ክንድ ተደግፋ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ከንቲባው መንገዱን ዘጋባት።

«የት ነው አንቺ? ወግ አታውቂም?»

ቄሱ ዶን ኢላሪዮ መሐል ገቡ። «አሮጊት ናት፣ ጋሌያዞ። ከመሞቷ በፊት ስለ ዘሯ ኃጢአት ሻምበሉን ይቅርታ ብትለምነው ምን ይጎዳሃል?»

ከንቲባው ወደ ሕዝቡ ዞሮ ፈገግ አለ። «ይቅርታ ከሆነማ ደግ። ግን ጮክ ብላ ትለምነው፣ ሁላችንም እንስማ።»

ከደጁ የቆሙትም አንገታቸውን አስገቡ። ኤርሲሊያ በመሐረቧ የከንቲባውን ምራቅ ከመስታወቱ ጠረገች፤ ዝቅ ብላ ሳመችው፤ ቀና ብላም እንደታዘዘችው ጮክ ብላ ተናገረች።

«አያቴ ገራርዶ ቫኖዚ፣ ዘንድሮም ከተማው በሙሉ ሳመህ።»